«ኪንታሮት ነው» ያለው ማን ነው?

ሰፈርተኛው «ጋሼ ውሃልክ» የሚላቸው አናጢ፣ በርም ሆነ ሰው ከተጣመመ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን ጠዋት አልዘጋ ያለ በር ሊያቃኑ ወደ አንድ የምርምር ቤት ተጠሩ። በሩን ከማጠፊያው ነቅለው ቀና ሲሉ፣ ነጭ ጋዎን ለብሳ ፊታቸው የቆመችው የሟች ወንድማቸው ልጅ ሆና ተገኘች። መማሯን እንጂ ተምራ ምን እንደምትሠራ ጠይቀዋት አያውቁም ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ ነሽ እንዴ? ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው?»

«የአንጀት ካንሰር ገና በጅምሩ ሳለ በደም የሚታወቅበትን ምልክት እንፈልጋለን፣ ጋሼ።»

«ተይኝ እስቲ። ሆድ ውስጥ ያለ ነገር ከክንድ በተቀዳ ደም ሊታወቅ? ሆድ ይፍጀው ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። አባቴን የፈጀው ይኸው አባባል ነው።»

ሽማግሌው ደነገጡ። «እሱ እንኳ መጀመሪያ ኪንታሮት ነበር፤ ኋላ ነው የከፋበት» አሉ።

«ኪንታሮት ነው ያለው ማን ነው?»

«ሁሉም።»

«አይተው ነው?»

ሽማግሌው ወደ ነቀሉት በር ዞሩ። ልጅቱም ጠባይ ያላት ናትና ነገሩን ወደ ሙያቸው መለሰችው። «ነቀዝ የገባውን እንጨት እንዴት ያውቁታል?»

«ከሥሩ ዱቄት ያፈሳል። ዱቄቷን ያየ አናጢ በሩ እስኪወድቅ አይጠብቅም።»

«እኛም የምንፈልገው ዱቄቱን ነው። እጢው ትንሽ ሳለ ወደ ደም የሚለቀው ፕሮቲን ይኖራል። ግን ደም ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ፕሮቲን አለ። የትኛው የበሽታው እንደሆነ ለመለየት የታመመን ሰው ደም ከጤነኛ ጋር እናስተያያለን። ዛሬ አገኘነው ያልነው፣ ነገ ተራ ቁስል ካለው ሰው ደምም ይገኛል። ያኔ እንደገና እንጀምራለን።»

«አይሰለቻችሁም?»

«ይሰለቸናል። ግን እንጀምራለን።»

ጋሼ ውሃልክ ከልባቸው ተደነቁ። ያንኑ ነገር ሳይታክት ደጋግሞ የሚለካ ሰው ለእርሳቸው ከሰባኪ ይበልጣል። የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰበሰቡና «በይ ከእኔም ቅጂ፤ ጤነኛ ነኝ» አሉ።

«መጀመሪያ የምጠይቀው አለ። ሽንት ቤት ሲቀመጡ ደም አይተው ያውቃሉ?»

«እሷ እንኳ ኪንታሮት...» ብለው ጀመሩ፤ ቃሏ አፋቸው ላይ ቀረች።

ልጅቱ እጅጌያቸውን ቀስ አድርጋ መለሰችው። «እንደ ጤነኛ ልቆጥርዎ አልችልም፣ ጋሼ። የእኛም ፍለጋ ገና አላለቀም፤ ለእርስዎ አይደርስም። ዛሬ ያለው መንገድ አንጀትን በቀጭን ካሜራ ማየት ነው።»

«በዚያ በኩል?»

«በዚያ በኩል።»

«በዚህ ዕድሜዬ ሰው እንዲህ ይየኝ ትያለሽ?»

«አባቴም ያፈረው በዚሁ ነው። ኪንታሮት ከሆነም ደግ፤ ስም የሚወጣው ግን ከታየ በኋላ ነው። አንድ አባት ቀብሬያለሁ። የቀሩኝ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎን መቅበር አልፈልግም።»

ሽማግሌው በሩን መልሰው ሰቀሉ፤ ውሃልካቸውንም አስደግፈው ቀጥ ማለቱን አዩ። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ «የት ነው የሚኬደው?» አሉ።

ደሙ እውነትም የኪንታሮት ነበር። ከኪንታሮቱ አልፎ ግን ማንም ያልጠረጠረው ትንሽ እባጭ ተገኘ። ሐኪሙ በዚያው በካሜራው በኩል ቆርጦ አወጣው፤ ዓመታት ቢሰነብት ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ዓይነት ነበር። ጋሼ ውሃልክ በማግስቱ እቤታቸው ነበሩ። በጅምሩ የተደረሰበት ነገር እንዲህ ቀላል ነው፤ ሀፍረት ያቆየው ግን ቤተሰብ ይበትናል። እነዚያ ፈላጊዎች የልፋታቸውን ያገኙ ዕለት ደግሞ፣ ዛሬ ካሜራውን የሚፈራ ሁሉ ክንዱን ብቻ ይዘረጋል።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጎረቤት ወደ ሥራ ቤታቸው መጥቶ ስለሚያየው ደም በሹክሹክታ አወራቸው። «መቼም ኪንታሮት ናት» አለ።

ጋሼ ውሃልክ መላጊያቸውን አስቀመጡ። «ማን አየልህ?»

«ማን ያያል፤ ይታወቃል እኮ።»

«ወንድሜም እንዲሁ ይል ነበር» አሉና ኮታቸውን ከሚስማሩ ላይ አወረዱ። «ተነስ፤ አብሬህ እሄዳለሁ።»