ተቀምጦ ያነበበ አይቆጠርም

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ መጽሐፍ አንብቦ ወደነበረበት መመለስ ጨዋነት ነበር። ካነሣህበት ትመልሳለህ፣ ወንበርህን ታስገባለህ፣ ትወጣለህ። እዚህ ቡታጅራ ባለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ግድግዳው ላይ እንደዚያው ተብሎ ተለጥፎ ነበር። እኔ የአናጢነቱን ሥራ ለልጄ ለቅቄ፣ ባለቤቴም ወደ ጌታ ከሄደች በኋላ፣ ቤት ብቻዬን ከምቆዝም ብዬ በየቀኑ እዚያ እሄድ ነበር። እና ማንበቢያ ክፍሉ ጢም ብሎ ይሞላል፤ መጽሐፍ ተውሶ የሚወጣ ግን የለም ማለት ይቻላል። ለመዋስ ዋስ አምጣ ይባላላ! ደመወዝተኛ ዋስ። የቀን ሠራተኛው ከየት ያምጣ? እስቲ ንገሩኝ፣ ከየት ያምጣ?

ታዲያ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ዘይነባ የምትባል ነበረች። አንድ ጠዋት ስገባ ፊቷ ጠቁሮ አገኘኋት።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«ወአለይኩም ሰላም ጋሽ ወልዴ። ከከተማው ጽሕፈት ቤት ክፍሉን ሊወስዱብን ነው። በሪፖርታችሁ የተዋሰ ሰው ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ክፍሉ ጥቅም አይሰጥም፣ የዕቃ ማስቀመጫ ይሁን ብለዋል።»

«ይሄ ሁሉ ሰው ተቀምጦ?»

«ተቀምጦ ያነበበ አይቆጠርም ጋሼ። የሚቆጠረው መጽሐፍ ይዞ የወጣ ነው።»

እኔም ተናድጄ፣ «እንግዲያውስ አንዳንድ ይዘን እንውጣና በነጋታው እንመልሰው፤ ቁጥር ከሆነ የፈለጉት!» ብላት፣ ቀና ብላ አየችኝና «ያልተነበበውን ተነበበ ብዬ አልጽፍም» አለችኝ። አፈርኩ። እና የድሮውን ማስታወቂያ ነቅላ ሌላ ለጠፈች፤ «አንብባችሁ ስትጨርሱ ጠረጴዛው ላይ ተዉት» የሚል። ማታ ማታ ከጠረጴዛው ሰብስባ፣ ቆጥራ፣ ራሷ ትመልሳለች። ታዲያ ልማድ እንዲህ በቀላሉ ይለቃል? እጃችን እንደለመደው ወደ መደርደሪያው ሲሄድ፣ «ተዉት! ተዉት!» ስትል ትውላለች።

አንዲት ሴት ግን በጄ አላለችም። ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጥ ናት፤ ስሟን አልጠራም። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ ጥግ ላይ ቆማ፣ አንድ ወፍራም የሕክምና መጽሐፍ ታነባለች፤ ስትጨርስ ራሷ ትመልሰዋለች። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ፣ «ልጄ፣ እንዲቆጠር ጠረጴዛው ላይ ተዪው» ብላት ክው አለች።

«ማን እንዳነበበው ይጻፋል እንዴ?»

«ኧረ አይጻፍም።»

«ቢሆንም ይቅርብኝ ጋሼ» ብላኝ ወጣች። ምን አስፈርቷት ይሆን እያልኩ ዋልኩ።

ከዚያ ከጽሕፈት ቤቱ አንድ ወጣት ኃላፊ መጣና አንባቢዎቹን ሰበሰበን። ክፉ ሰው አይደለም፣ ትሑት ነው፣ ከሰሜን በኩል ተመድቦ የመጣ። ዘይነባ ከጠረጴዛ የሰበሰበችውን ቁጥር ሰጠችው። እያገላበጠ አየውና፣ «እህቴ፣ ጠረጴዛ ላይ የቀረ ሁሉ ተነቧል ማለት ነው? ማን አነበበው? ምን ጠቀመው? ቁም ነገር ቢሆን ተውሰው ይወስዱት ነበር» አለ። እሷ ወደ እኛ ዞር አለች፤ እኛ ወንዶቹ፣ እኔም ጭምር፣ አንገታችንን ደፋን።

ታዲያ ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «እኔ አንብቤያለሁ» አለ። ዞር ስንል ያቺ የበርበሬ ነጋዴ ናት። ነጠላዋን ከፊቷ አወረደችው።

«ምን አነበብሽ?» አላት።

«ስለሚጥል በሽታ። ልጄ ትወድቅ ነበር።»

ቀጠለችና፦ «ስትወድቅ ክብሪት እየጫርን እናሸትታት ነበር። መጽሐፉን ቤት ልወስደው አልችልም፣ የባሌ ቤተሰብ ካየው ጉዴ ነው፣ መንፈስ ነው ብለው ነው የሚያምኑት። ልዋስ ብል ደግሞ ዋሴ የሚሆነው ሰው ምን መጽሐፍ እንደወሰድኩ ይሰማል። እዚህ ቆሜ ነው በሽታ መሆኑን ያወቅሁት፣ መድኃኒት እንዳለው ያወቅሁት። ወልቂጤ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ኪኒኗን እየዋጠች ነው፣ ከወደቀች ቆየች። ይሄን የት ትጽፉታላችሁ ወንድሜ?»

ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ይቅርታ እናቴ» አለ፣ እናቱ ልትሆን የማትችለዋን። እና ክፍሉ አልተወሰደም። ሪፖርቱም ላይ እዚያው ለተነበበ መጽሐፍ ቦታ ተከፈተለት፣ እስከ ዛሬም ይሞላል።

ጌታ ይመስገን እንበል? እንበል። ግን እሷ ምን ከፈለች? ወሬው ከእሷ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ደንበኞቿ የነበሩ «ከዚያች ቤት አልገዛም» አሉ። አጠገቧ የምትሸጠው ሴት ዕቃዋን ፈቀቅ አደረገች። ልጅቷም ትምህርት ቤት ዴስክ ላይ ለብቻዋ የተቀመጠችበት ጊዜ ነበር። ዘይነባ እየሄደች መምህራኑን ብታነጋግርም ቶሎ የሚሽር ነገር አልነበረም።

«ተቆጨች ታዲያ?» አለችኝ አንድ ጊዜ የታናሽ ወንድሜ ልጅ፣ እንዳሁኑ ሳወራላት።

እኔም ሴትዮዋን ጠይቄያት ነበር። «ከተቆጨሁስ በነዚያ በክብሪቱ ዓመታት ልቆጭ» ነው ያለችኝ። እሷ እንዲያ አለች። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን፣ ቆጠራው የተስተካከለው በደግ መንገድ አይደለም። አንዲት እናት ሰው ሆና ለመቆጠር የልጇን ገመና አደባባይ ማውጣት አልነበረባትም። እኛ ወንዶቹ፣ ያ ሁሉ ሰው፣ ዝም ብለን ቆመን ነው እሷ የተናገረችው።