ቁም ሳጥን ውስጥ የቆለፍኩት

ክቡራትና ክቡራን፣ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ክፍል ባልደረቦቼ፣ ስለዚህ ሁሉ ዝግጅት አመሰግናለሁ። ግን እውነቱን ንገሩኝ፤ የተሰበሰባችሁት ልትሸኙኝ ነው ወይስ መሄዴን በዓይናችሁ ልታረጋግጡ?

አትሳቁ! ሠላሳ አንድ ዓመት ስጠረጥራችሁ ኖሬ ዛሬ በአንድ ኬክ አልታለልም። "ሲስተር ቁልፍ" እያላችሁ እንደምታሙኝም አውቃለሁ።

የሕፃናት የደም ግፊት ስንለካ የምንጠቀልለው ትንሹ የክንድ ማሰሪያ አንድ ብቻ ነበር። ትሰርቁታላችሁ ብዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩት፤ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ እናት ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። ልጅቷ የኩላሊት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ሁለተኛ ቀኗ ነው።

"ሲስተር፣ ራሴን አመመኝ ትላለች። ደግሞ አጠገቧ ተቀምጬ 'እማዬ፣ የት ነሽ?' ትለኛለች።"

ማንን ጠረጠርኩ? እናቲቱን። ታጋንናለች አልኩ። ልጅቷንም፣ መርፌ ፈርታ ነው አልኩ። ቁም ሳጥኑ ያለው ኮሪደሩ ጫፍ ነው፤ እስከዚያ ማን ይሄዳል? አልጋው ላይ የተንጠለጠለውን የአዋቂ ማሰሪያ ጠቀለልኩላት። ቁጥሩ ደህና ነበር። "ምንም የላትም" ብዬ ጻፍኩት።

ሰፊ ማሰሪያ በትንሽ ክንድ ላይ ግፊትን አሳንሶ እንደሚያሳይ ለተማሪዎች የማስተምረው ማን ነበር? እኔው!

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልጅቷን ያንቀጠቅጣት ጀመር። ዶክተራችን ሮጦ መጣ።

"በየትኛው ነው የለካሻት?"

አንገቴ ላይ ያለው ቁልፍ ከበደኝ። ከፍቼ ባመጣሁት በትንሹ ማሰሪያ ስንለካት ግፊቷ ጣሪያ ነክቷል፤ አንጎሏን አሳብጦ ዓይኗን የጋረደው እሱ ነበር። በመድኃኒት ቀስ እያልን አወረድነው። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ "እማዬ፣ ሻርፕሽ ቆሽሿል" አለች። እናቲቱ ሳቀች፤ እኔ መድኃኒት ክፍል ገብቼ አለቀስኩ።

ሁሉን ስጠረጥር የራሴን እጅ አንድም ቀን አልጠረጠርኩም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ትንሹን ማሰሪያ መቆለፌን፣ ጥፋቱም የእኔ መሆኑን ለእናቲቱ ነገርኳት። "ሁለተኛ እንዳትቆልፊው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ተቆልፎ አያውቅም። እስከ ዛሬም አልሰረቃችሁትም፤ እንዲያውም ትንሽ ቅር ብሎኛል።

እጃችሁ ይባረክ። ሕፃን "አይታየኝም" ሲል የሚሰማ ጆሮ አይንሳችሁ። የምትለኳቸው ልጆች አድገው ለወግ ለማዕረግ ይብቁ፤ እናንተም በደስታ ለጡረታ ብቁ።

ቁም ሳጥኑ ክፍት ነው። ቁልፉን ግን ይዤው እሄዳለሁ። እናንተን አምኜ?