ሽቦው ሁለት ጣት ያጠረበት ቀን

ያን ማክሰኞ ከቤት የወጣሁት የልጄን ፎርም ሳልፈርም ለኮሌጁ ልመልስ ነበር። አፖንዲ እባላለሁ፤ ኪሱሙ ከተማ ውስጥ ዓሣ እነግዳለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ እንቢ ካልኩ ግን የተማረም ያልተማረም አይመልሰኝም። ልጄ አዊኖ ነርስ ትሆናለች ብዬ ለዘመድ ሁሉ አውርቼ ነበር። እሷ ግን የተጋጨ መኪና አካል መጠገን ልማር ብላ ፎርም ይዛ መጣች። የወላጅ ፊርማ እስከ ማታ ካልገባ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። ፒክአፕ መኪናዬ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች።

ኪቡዬ ገበያ ስንደርስ የፒክአፔ የፊት ግራ ጎማ ፈነዳ። ቀና ብል ማን በር ላይ ቆሜያለሁ? መኪና ቀጥቃጩ ሽማግሌ ኦጉቱ ግቢ በር ላይ! ባለፈው ዓመት የጭነት መኪና ገጭቶኝ መኪናዬን ያቀኑልኝ እሳቸው ናቸው፤ አፍንጫውን በሰንሰለት ከግቢያቸው ማንጎ ዛፍ አስረው፣ ወደ ኋላ አስጎትተው። በዚያ ሰፈር ሁሉም የሚያቀናው እንዲሁ ነው።

«የአሴምቦ ልጅ! ዓሣ ይዘሽልኝ መጣሽ?» አሉኝ። በትውልድ አገሬ ነው የሚጠሩኝ።

«የተበላ ጎማ ነው ይዤልዎት የመጣሁት። በዓመት አራተኛው ነው! ሁሌ ይኸው የግራው፣ ሁሌ ከውስጥ በኩል። ሻጩ መንገዱ ነው ይላል። ጎረቤቴ የሰው ዓይን ነው ትላለች። ወንድሜ ዓሣውን በቀኝ በኩል ጫኚ ቢለኝ ስድስት ወር በቀኝ ጫንኩ። ግራ ገብቶኛል።»

«የዛሬ ጎማ ካርቶን ነዋ!» አሉ ኦጉቱ።

አዊኖ ጎማውን በእጇ ዳሰሰችው። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝና ጎማው ጥፋት የለበትም። ከሥር ያለው አጥንት፣ ሻሲው አልቀናም፤ ጎማው ተጣሞ እየሄደ ነው የሚበላው።»

ኦጉቱ መዶሻቸውን አስቀመጡ። «እናትሽ አፍንጫዋን መጥረግ ሳትችል እኔ ብረት እቀጠቅጥ ነበር። ኮፈኑን እዪው! በሩን ዝጊው! ይገጥማል አይገጥምም?»

«ይገጥማል። ላዩማ ያምራል፤ እጅዎን ማንም አይነቅፈውም።»

«ታዲያ ምን ቀረ? ዓይን ነው ትምህርቱ። መዶሻ በመጽሐፍ አይለመድም።»

እኔም ከሳቸው ጎን ቆምኩ። «ይንገሯት እስቲ! ይህንኑ ሙያ ኮሌጅ ገብቼ ልማር፣ ፈርሚልኝ ትለኛለች። አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኳት መኪና ሥር እንድትተኛ ነው?»

«እማ፣ ነርስም ብሆን የሰው አልጋ ሥር አጎነብስ የለ?» አለች። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ዋጥኩት።

ከዚያ ልጅቱ የባሰ ግራ የሚያጋባ ነገር አመጣች። ኮሌጁን በጎበኘችበት ቀን መምህሩ የመኪና ፊት ሆን ተብሎ እንዲታጠፍ ይሠራል ብሏታል።

«እንዲታጠፍ?» ኦጉቱ ተናደው ብድግ አሉ። «ይህ ለብረት ስድብ ነው! እኔ እንዳይታጠፍ ወፍራም ላሜራ እበይድበታለሁ እንጂ።»

«እሱ ነው ችግሩ፣ አባባ። እማ፣ እንስራ ስትሸከሚ ከሥሩ የጨርቅ ጥምጥም ለምን ታደርጊያለሽ?»

«ራሴን እንዳያመኝ ነዋ።»

«የመኪና ፊትም እንደ ጥምጥሙ ነው፤ እሱ ይጨመቅና ሰው ይተርፋል። ካጠነከርነው ግን ምቱ በቀጥታ ወደ ሹፌሩ ደረት ይመጣል።»

እንስራው ገባኝ፤ መኪናው ግን አልገባኝም። ደረቴን ዳሰስኩ። የምነዳው መኪና ፊት ላይ ያ ወፍራም ላሜራ አለበት።

«ወሬ ነው። አሳዪኝ» አሉ ሽማግሌው።

አዊኖ ገመድ ለመነችኝና ከመኪናው ሥር ገባች። ከሻሲው ፊት ግራ ቀዳዳ እስከ ኋላ ቀኙ ድረስ ለካችና ቋጠረች። ቀጥላ ከፊት ቀኙ እስከ ኋላ ግራው ዘረጋችው። «ቀና ከሆነ ሁለቱ እኩል ይመጣሉ» አለች። ቋጠሮው ሁለት ጣት ሳይደርስ ቀረ።

«ገመድ ይለጠጣል!» አሉ ኦጉቱ።

«በራስዎ ሽቦ ይለኩት።»

ኦጉቱ በሰባ ዓመታቸው በጀርባቸው ተንፏቀው ገቡ። ከውጭ የሚታየኝ ሁለት ጫማቸው ብቻ ነው። አንዴ ለኩ። እንደገና ለኩ። ከዚያ «ሽቦውም ሁለት ጣት አጠረ» ሲሉ ከሥር ሰማኋቸው።

ሲወጡ ጸጉራቸው አፈር ለብሷል። ማንጎውን ትክ ብለው አዩት፤ ሰንሰለቱ ግንዱን በልቶ ቀለበት አውጥቶበታል።

«ዛፍ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚጎትተው» አሉ ቀስ ብለው። «የአሴምቦ ልጅ፣ በዚህ ዛፍ ስንት መኪና አቅንቼ እንደሰጠሁ ታውቂያለሽ?»

ከልብሳቸው ላይ አፈሩን አራገፍኩላቸው።

«አንቺ፣» አሏት ልጄን፣ «እዚያ የሚያስተምሩት ይህን ብቻ ነው?»

«አይደለም፣ አባባ። ሻሲ በአራት ወገን የሚስብ ማሽን አለ። ብየዳ አለ፤ ከፋብሪካው ቀለም ጋር አመሳስሎ መቀላቀል አለ። የተማረ ሰው ለመድን ድርጅት ጉዳት ይገምታል፣ ጋራዥ ይመራል፣ ያስተምራል። ብረት ማንሳት ቢያቅተው እንኳ ሥራ አያጣም።»

እኔ መኪና መጠገን መዶሻና ስቱኮ ብቻ መስሎኝ ነበር። ያን ሁሉ ሙያ በአንዴ ስትደረድርብኝ ራሴ ዞረ።

ኦጉቱ ወገባቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ደስ አይልም። «ወገቤ በብረት ማንሳት አልቋል፤ እኔ ግን የማውቀው ሌላ ሥራ የለም። ፈርሚላት።»

«ቅድም ከኔ ጋር አልነበሩም እንዴ?»

«ቅድም አልለካሁም ነበር።»

ፎርሙን ኮፈኑ ላይ ዘርግቼ ስሜን በቀስታ ጻፍኩ። እንቢታዬን ማንም በክርክር አላሸነፈውም፤ ያሸነፈው ሁለት ጣት ነው። ትርፉን ጎማ አስረን፣ ቀስ እያልን፣ ኮሌጁ በር ሳይዘጋ ደረስን።

በትምህርቷ ሁለተኛ ዓመት አዊኖና ጓደኞቿ መኪናዬን በኮሌጁ ማሽን አቀኑት፤ ያንንም ላሜራ አነሱልኝ። ኦጉቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። ግቢያቸው ውስጥ ዛሬም መዶሻ ይሰማል፤ ሰንሰለቱን ግን ከማንጎው ፈተውታል፤ ሳይለኩም መኪና አይሰጡም። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ የሽቦውን ሌላ ጫፍ ትይዝላቸዋለች።

ልጅ ያላችሁ ስሙኝ፤ የማታውቁትን ሙያ ከመናቃችሁ በፊት ለኩት። እኔ ዛሬም ግማሹ አልገባኝም። ጎማዬ ግን ዓመት አልፎታል፤ ዓሣውንም መሃል ላይ እጭናለሁ።