ጋሼ ሰዋስው ተማሪ የሆኑበት ረቡዕ

ሰኞ ጠዋት የመጻሕፍት ዝርዝር ላባዛ ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ብገባ፣ ሁለት የማውቃቸው ሰዎች ማሽኑን መሀል አድርገው ሲከራከሩ አገኘኋቸው። አንደኛው ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩት፣ ተማሪው ሁሉ «ጋሼ ሰዋስው» የሚላቸው አዛውንት ናቸው። ሁለተኛዋ የእህታቸው ልጅ ናት፤ ዘንድሮ የአምስተኛ ክፍል ሳይንስ እንድታስተምር የተቀጠረች። እኔ የዚያው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነኝ።

«እንኳን መጡ!» አሉኝ ጋሼ ሰዋስው። «እስቲ ይፍረዱን፤ ይህች ልጅ መምህርት ናት ወይስ ሠዓሊ?»

ከማሽኑ የሚወጣውን ወረቀት አየሁት። የባቄላ ተክል ተስሎበታል፤ ከሥሩ፣ ከግንዱና ከቅጠሉ ጎን ስማቸው በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ከእያንዳንዱ ቃል ሥር ደግሞ ተማሪው በገዛ ቋንቋው የሚሞላው ባዶ መስመር አለ።

ክርክሩ ስለ አንዲት ተማሪ ነበር። ልጅቷ ከቤተሰቧ ጋር ከሩቅ የመጣች ናት፤ እኛ የምንናገረውንም፣ የምናስተምርበትን እንግሊዝኛም አታውቅም። በጋሼ ሰዋስው ክፍል ሦስት ወር ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እሳቸውም ሐሙስ በሚደረገው የመምህራን ስብሰባ ከአምስተኛ ወደ ሦስተኛ ክፍል ትውረድ ብለው ሊያቀርቡ ነው።

«አጎቴ፣ ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፤ የቸገራት ቋንቋው ነው።»

«ቋንቋው ከቸገራት ቋንቋውን ትማራ! በእኛ ጊዜ ክፍል ውስጥ ሌላ ቋንቋ የተናገረ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆም ነበር። ይኸው ሰው ሆንን።»

«ሰው የሆናችሁትንማ እያየን ነው። ትምህርቱን ጥለው የወጡትንስ ማን ያያቸዋል?»

ጋሼ ሰዋስው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እሺ፣ ምን ላድርግ ነው የምትይኝ?»

«እኔ መጀመሪያ በሥዕልና በእቃ አሳያለሁ። ቋንቋዋን የምታውቅ ተማሪ አጠገቧ አስቀምጫለሁ፤ ሁለቱ በሚቀላቸው ቋንቋ ይመክራሉ። ከዚያ ‹መጀመሪያ እንዲህ፣ ቀጥሎ እንዲያ› የሚል መነሻ በእንግሊዝኛ እሰጣቸውና እስኪመልሱ እጠብቃለሁ።»

«በቋንቋቸው ካወሩማ እንግሊዝኛውን መቼ ሊማሩት ነው? ይሄ ማሞላቀቅ ነው!»

እውነቱን ለመናገር፣ በልቤ ለሳቸው አድልቼ ነበር። እኔም የተማርኩት እንደዚያው ነውና።

«እንግዲያው ረቡዕ ለግማሽ ሰዓት ተማሪ ይሁኑልኝ» አለች። «ካልተረቱ ስለ ልጅቷ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።»

«ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ያቅተኛል ብለሽ ነው?» ብለው ሳቁ።

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ከልጅቷ ጋር ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተሰበሰብን። የዕለቱ መምህርት የልጅቷ እናት ነበረች፤ ልብስ ሰፊ ናት፤ የልጇ ጓደኛ እያስተረጎመችላት ነው የተስማማችው። የኪስ አሰፋፍ ታስተምረናለች ተባለ። ሴትዮዋ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ በገዛ ቋንቋዋ አሥር ደቂቃ ያህል ተናገረች። ከዚያ ወደ ጋሼ ሰዋስው እያየች አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

ጋሼ ሰዋስው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ጣሪያው።

«ትድገመው» አሉ። ደገመችው፤ ያንኑ፣ ግን በጩኸት። ላብ ግንባራቸው ላይ ችፍ አለ። የእህታቸው ልጅ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች።

«አሁን እንደኔ እናድርገው» አለች።

ሴትዮዋ ያለቀለት ኪስ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። መርፌውን አንስታ ስሙን ጠራች፣ ክሩንም እንዲሁ። ጋሼ ሰዋስው ስሞቹን አጣመው ሲደግሙ፣ አጠገባቸው የተቀመጠችው ዝምተኛዋ ልጅ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀችና አቃናችላቸው። ጨርቁን ሊወጉት ሲሉ ግን እጃቸውን ያዘችና በእንግሊዝኛ፣ «መጀመሪያ ማጠፍ፣ ቀጥሎ መስፋት» አለቻቸው።



«ትናገራለች እንዴ?» አሉ ጋሼ ሰዋስው ቀስ ብለው።

ኪሱ ተንሻፎ ወጣ። እሳቸው ግን የኪሱ ነገር አላሳሰባቸውም። «ቅድም እኮ ዝም ያልኩት ሰንፌ አይደለም» አሉ። «መያዣ መጨበጫ አጥቼ ነው። እሷም ሦስት ወር እንዲህ ሆና ነው የተቀመጠችው?» ወደ እናትየዋ ዞረው ሦስት ጣት አሳዩና እጃቸውን ‹ሦስተኛ ክፍል በጭራሽ› ለማለት አወዛወዙ፤ ቀጥለው አምስት ጣት አሳይተው ወለሉን ረገጥ ረገጥ አደረጉ። ሴትዮዋ ገባት፤ ሁለት እጃቸውን ያዘች።

ሲወጡ ግን እጅ መስጠቱ ከብዷቸው፣ «አርባ ስምንት ልጅ አለብኝ፤ ለሁሉም ማን ይስላል?» አሉ።

«አንዱ ሥዕል ለአርባ ስምንቱም ይበቃል፤ እንግሊዝኛ ለሚችለውም ትምህርቱ ይቀለዋል።»

ሐሙስ በስብሰባው ላይ ልጅቷ እዚያው አምስተኛ ክፍል ትቆይ ብለው የተሟገቱት ራሳቸው ጋሼ ሰዋስው ናቸው። በዓመቱ መጨረሻ በሳይንስ ከክፍሏ ዘጠነኛ ወጣች። ከበር ይመለሱ የነበሩ ወላጆች ወደ ግቢው መግባት ጀመሩ፤ እጃቸውን አውጥተው የማያውቁ ልጆችም እጃቸውን አወጡ። አንባቢ ሆይ፣ ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ያሰበው ሐሳብ የሚማረውን ቋንቋ አይሻማበትም፤ የሚናገረው ነገር ይሰጠዋል።

አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ በጋሼ ሰዋስው ክፍል ደጃፍ ሲያልፉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚንጫጫውን ተማሪ ሰምተው አንገታቸውን አስገቡ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጫጫታ?»

«እንግሊዝኛ እየተማሩ ነው።»

«እኔ የምሰማው ግን እንግሊዝኛ አይደለም።»

«ትንሽ ይታገሱ እንጂ» አሉ ጋሼ ሰዋስው ወንበር እየሳቡላቸው፤ «እየመጣ ነው።»