የይስማው ልጆች ቀለብ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀለብ የሚቆርጥ ዳኛ የት አለና! ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ ተቀምጧል፣ አገሬው ግማሹ ዱር ገብቷል፣ ግማሹ እየፈራ ያርሳል። ታዲያ ሰው በዚያም ጊዜ ያገባል፣ ይፋታል፣ ይወልዳል፤ ጦርነት ነው ተብሎ የሚቀር ነገር የለም።

እኔ አገሬ አምበር፣ አባቴ ቤት ሳለሁ ይስማው የሚባል የይጁቤ ሰው፣ ጨው ነጋዴ ነው፣ ሽማግሌ ላከብን። መልኩ ያማረ፣ አፉ ማር። «ሚስት የለህም?» ሲሉት «ፈትቻለሁ» አለ፤ እና ዳሩኝ፤ እዚያው አምበር ጎጆ ሠራልኝ። ብዙም ሳልቆይ አረገዝሁ። ታዲያ አንዲት ገበያተኛ መጥታ «ይስማው እኮ ሚስቱን አንጓችን መች ፈታት? ሦስት ልጅ ይዛ እቤቱ ናት» አላለችኝም! ጠየቅሁት። «እሱማ...» አለ፣ እንዲህ አገጩን እያከከ። እሱማ ብሎ ነገር! በዚያው ተፋታን፤ ልጄን የኔዓለምን አባቴ ቤት ወለድኋት።

ኋላ ጣሊያን በእኛ በኩል ሲያልፍ የአባቴን ክምር አቃጠለው። ልጂቱ ጡት ጥላለች፣ ቤት ውስጥ የሚቀመስ የለም። ጎረቤታችን መጣና «ማርቆስ ሂጂ፣ ይስማውን ለጣሊያኑ ሹም ክሰሽው፤ አስተርጓሚ አለ፣ ባንድ ቀን በሬውን አስነድቶ ይሰጥሻል» አለኝ። ስሙኝማ፣ ይስማው ዱር ላሉት አርበኞች ስንቅ እንደሚልክ እኔ አውቃለሁ። ስሙን እዚያ ደጅ ባነሳው በበሬው ብቻ ይለቁታል? «እኔ ለልጄ እህል ነው የምፈልግ፤ አባቷን አላሳርድም» አልሁና ልጄን አዝዬ ይጁቤ ወረድሁ።

እዚያ አያ ደሴ የሚባሉ ነገር አዋቂ ሽማግሌ ነበሩ፤ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። እሳቸውም ሽማግሎቹን ሰብስበው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀመጡ። ይስማው ተጠራ፤ አንጓችም ተከትላው መጣች። እኔና እሷ ስንተያይ ያን ቀን የመጀመሪያችን ነው። ፊቷ ጭፍግግ ብሏል።

«ልጂቱ ያንተ ናት?» አሉት አያ ደሴ።

«የኔ ናት።»

«ታዲያ ቀለቧስ?»

«አያ ደሴ፣ ሦስት ልጅ አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል። ጎተራዬን እዩት፣ ባዶ ነው!»

አንዱ ሽማግሌ ቸኮሉና «ቤቱ ሁለት ነው፤ ያገኘውን ለሁለት ይክፈል» አሉ። ይኼኔ አንጓች ብድግ! «የኔ ሦስቱ ከሷ አንዲት ልጅ እኩል ሊበሉ? ይህ ምን ፍርድ ነው?» አለች። እኔም «እውነቷን ነው፤ የሰው ልጅ ጉሮሮ ዘግቼ የኔን አላበላም» አልሁ። አንጓች ዘወር ብላ አየችኝ። የባንዳ ጆሮ እንዳይሰማ ወደ ሽማግሎቹ ተጠግታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጎተራው ባዶ ነው፤ ጉድጓዱ ግን ሙሉ ነው። ከጣሊያን እንደብቀው ሲለኝ አብሬው ቆፍሬአለሁ፤ ከገዛ ልጁ እንደብቀው ግን አላልሁም!» አለች።

አያ ደሴም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ፈረዱ፦ «መጀመሪያ ዘሩ ይነሳ፤ ዘሩን የበላ ሰው ለከርሞ ማንንም አያበላም። ቀጥሎ ዱር ላሉት ስንቃቸው ይነሳ። የተረፈው በቤት ሳይሆን በልጅ ይከፈል፤ ልጁ አራት ነው፣ ድርሻውም አራት። ክፉ ዓመት ሲመጣ ለአራቱም ይነስ፣ ሲጠግብ ለአራቱም ይብዛ።»

«እኔና አንጓችስ ምን እንብላ?» አለ ይስማው።

«አንተ ጨው ትነግዳለህ፣ እሷም ትፈትላለች። ልጅ ምን ይነግዳል?»

«ሌላ ሚስት ባገባስ?» አይልም መሰላችሁ!

«ያን ጊዜ ካንተ ሆድ ይጉደል! ከነዚህ ድርሻ አንዲት ፍሬ ጤፍ ብትነሳ እኛ አለን» አሉት፤ ይስማውም ዋስ ጠርቶ ሄደ።

አመጣ ታዲያ፤ በየመኸሩ አህያውን ጭኖ አመጣ። አንድ ዓመት አሳንሶ መጣና «ዘንድሮ እህሉን ዋግ መታው» ቢለኝ አላመንሁትም፤ አንጓች ዘንድ ሰው ላክሁ። «እውነት ነው እህቴ፣ እኛም ቤት እንዲሁ ነው» ብላ ላከችብኝ፤ ተቀበልሁት። በመጨረሻ ጣሊያን እነ ይስማው መንደር ላይ እሳት ሲለቅ አንጓች ሦስቱን ልጆች እኔ ቤት ሰደደቻቸው። ከየኔዓለም ጋር ባንድ ገበታ አበላኋቸው፤ ይስማውም የአራቱንም ድርሻ እኔው ደጅ አራገፈ። አገር እስኪረጋ እንዲያ ቆየን።

እኔ የምለው፣ ወንድ አሥር ቤት ቢሠራ ልጁ አሥር ቦታ አይቆራረጥም፤ የትም ይወለድ የትም ልጅ ነው፣ ያባቱ አቅም ታይቶ እኩል ይብላ። ፍርድ ማለት ይኸው ነው።

— እማማ፣ ታዲያ ይስማው ያን ያህል ሲመላለስ መልሰው አላገቡትም?

— ምን በወጣኝ! ቀለብ የተቆረጠ ለልጂቱ ነው፤ ለሱማ አንጓች ትበቃዋለች፣ እሷንም እግዜር ያጽናት! (ሳቅ)