አዴ ጫልቱና ሚኒስትሯ

ጌዶ ሻይ ቤት ተሰብስበን የምናየው ድራማ ላይ፣ ወንበሯን ላለማጣት የሐሰት ሰነድ አሠርታ ጓደኛዋን ያሳሰረች ሚኒስትር አለች። ሁላችን ስንረግማት የትምህርት ቤቱ ሬከርድ ክፍል ሠራተኛ አዴ ጫልቱ ብቻ "የኔ አንበሳ" ይሏታል። እኔ ከሰባተኛ ያቋረጥኩ ነኝ፤ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የስምንተኛ ካርድ ጎደለኝ። እኚህማ አይጨክኑብኝም ብዬ ቢሯቸው ሄድኩ። "አዴ፣ ስምንተኛን እንደጨረስኩ አድርገው አንዲት ካርድ ይጻፉልኝ።"

"እሷን የምወዳት ቴሌቪዥን ውስጥ ስለሆነች ነው" አሉኝ መነጽራቸውን አውልቀው። "እዚህ ብትመጣ መጀመሪያ የምከሳት እኔ ነኝ።" ከዚያ የማታ ትምህርት መመዝገቢያ ፎርም ገፋ አደረጉልኝ። አፍሬ ሞላሁት። ዘንድሮ ስምንተኛ ነኝ። በመንፈቁ ሒሳብ አርባ ዘጠኝ አመጣሁና አንድ ነጥብ እንዲጨምሩልኝ አዴ ጫልቱን ለመንኳቸው። "አጥንተህ አምጣት" አሉኝ። አመጣታለሁ።