የማይሸጥ ማሾ

ከሸዋሮቢት በተሳፈርኩበት ታክሲ፣ አንዲት እኩያዬ የሆኑ አሮጊት ማሾ በከረጢት ይዘው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ያለች ወጣት ነጋዴ አናገረቻቸው።

«እማማ፣ ለሰንበቴ ከተማ ገበያ ከሆነ እኔ እዚሁ ልግዛዎት።»

«አልሸጥልሽም።»

«ምነው?»

«ከሸጥኩማ ምን ብዬ እዚያ እውላለሁ? ዋጋ ሰቅዬ እጠራለሁ፤ ገዢው ተሳድቦ ያልፋል።»

«ኧረ እማማ! ታዲያ ለምን ይደክማሉ?»

«ባሌ ከሞተ ወዲህ ልጄ ቤት ነኝ። ‹እማ፣ እረፊ› ይለኛል። አልሐምዱሊላህ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። የሚያጫውተኝ ግን የለም።»

«ገበያስ ማን አለ?»

«ሐሊማ አለች። ጎን ለጎን ስንሸጥ፣ ሰው ስናማ፣ ስንስቅ ነው ያረጀነው። አሁን ልጄ ‹ዛሬ የመጨረሻሽ ይሁን› አለኝ።»

«ሐሊማስ ምን አሉ?»

«አልሰማችም። ይኸኔ ቦታዬን ጠራርጋ እየጠበቀችኝ ነው።»

እኔም ቤቴ የሚያጫውተኝ የለም፤ ለአጣዬ ብሳፈርም ሰንበቴ ላይ አብሬያቸው ወረድኩ።